አንድ ማድቤት፥ አምስት ዓይነት ማዕድ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ጸሎት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ጸሓፊ ዝቅ ያለ ነገር መስሎት ወደማይገባበት ወደ ማድቤት ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። እኔ ራሴም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከማድቤት የማውቀው በሩን ብቻ ነበር። «ወንድ ልጅ ማድቤት ምን አገባው» እየተባለ ያደግሁ ነኝና፥ ወጥን በማዕድ ላይ ሲቀርብ እንጂ ሲሠራ አላየሁትም ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ነገሩን እንድመረምረው ያስገደደኝ በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም በቤታችን የደረሰው ነው።

ቤታችን ስድስት ነፍስ ይኖርበታል። እናቴ ያን ጊዜ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ የስኳር ሕመምና የደም ብዛት አለባት። ሴት ልጃችን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት መጾም ከጀመረች ቆይታለች። ወንዱ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነበርና ገና ለጾም አልደረሰም፤ ወተትና እንቍላል ይፈልጋል። ታናሹ የስምንት ወር ሕፃን ነበር፤ ከእናቱ ጡት ጋር ለስላሳ ምግብ መቅመስ ጀምሯል። እኔን ደግሞ ጨጓራ የሚሉት ነገር ከያዘኝ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፥ በርበሬ የነካው ወጥ ከበላሁ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ። እንግዲህ ቍጠሩ፤ ለእናቴ ጨው ያነሰው፥ ለእኔ አልጫው፥ ለባለቤቴና ለሴት ልጄ የደንቡ የጾም ወጥ፥ ለልጁ የፍስክ፥ ለሕፃኑ ቅመም የሌለው። አምስት ዓይነት ማዕድ በአንድ ማድቤት፥ በሁለት ምድጃ፥ በአንዲት ሴት እጅ ይሠራ ነበር።

ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች፤ ሽንኩርት ትከትፋለች፥ ድስት ትጥዳለች፥ ሕፃኑን ታጠባለች፥ ደግሞ ወደ ድስቱ ትመለሳለች። ማታም ከሥራ ስትመለስ እንደዚያው ነው። እኔ ደግሞ ያደረ ወጥ አልበላም የምል ሰው ነበርሁ። ለምን እንደማልበላ አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከዐሥር ቤት የለመንሁትን ቁራሽ በአንድ አኩፋዳ ቀላቅዬ፥ የትኛው ዛሬ፥ የትኛው ከትናንት ወዲያ እንደ ተጋገረ ሳላውቅ በልቼ የተማርሁ ሰው፥ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር አፌ እንዲህ መረጠ።

በመጻጕዕ ሳምንት ዓርብ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፥ በማስተምርበት ክፍል ሳለሁ ከቤት ተጠራሁ። ስደርስ እናቴ በመደቡ ላይ ተጋድማለች፤ ልብሷ በላብ ርሷል፥ እጇ ይንቀጠቀጣል፥ የምትናገረውም ነገር አይያያዝም። እንደ ዕድል ሆኖ ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ እርሷ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ነበር። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። እኔም በድንጋጤ «ለስኳር በሽተኛ ስኳር?» ብዬ ጮኽሁ። ነርሷ ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእናቴ ዐይን ጠራ፤ ስሜንም ጠራችኝ።

ይህን ነገር ብዙ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሲያንስም ይታመማል፤ ማነሱ ደግሞ በደቂቃ የሚያጣድፍ ነው። አንዳንዱ የስኳር መድኀኒትና ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርደው ሰውየው በላም አልበላም ነው። መድኀኒቱን ውጦ ምግቡን ያስቀረ ሰው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይርበዋል፥ ነገር ይምታታበታል፤ ካልተረዳም ራሱን ይስታል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል፤ ሲሻለውም ምግብ መብላት አለበት። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ማፍሰስ አይገባም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

እናቴ ከተረጋጋች በኋላ ለምን እንዳልበላች ጠየቅኋት። የጾሙ ፍቅር ነው የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ያለችኝ ግን ሌላ ነው፦ «ልጄ፥ ምራቴ ሕፃን ታቅፋ በሌሊት ለእኔ ብቻ ሌላ ድስት ስትጥድ እያየሁ እህሉ በጕሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ጾሜ ነው ብል ማን ይከለክለኛል?» ለካ ለብቻዋ የተሠራውን ምግብ ከሳምንት በላይ ስትደብቅ ኖራለች፤ ጧት ጧት ለሚመጣ አንድ ነዳይ ትሰጠው ነበር።

ማታ ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፥ «ከአምስቱ ድስት አንዱ ያንተ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ወደ ቤት ጠራናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ በጾም ጕዳይ ርኅራኄ እንዳላት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ነገር ግን ከልጅ አፍ የሚወጣ ትምህርትና ከአባት አፍ የሚወጣ ፈቃድ ለእናቴ አንድ አይደሉም። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው፦ «ልጄ፥ መድኀኒት የሚውጥ ሰው በመድኀኒቱ ሰዓት ይብላ። ሥጋውንና ቅቤውን አንቺ ተዪ፤ ሰዓቱን ግን ለእኔ ተዪልኝ» አሏት። ሐኪሟም የመድኀኒቱን ሰዓት ከምግቧ ጋር አስማማላት። ስለዚህ የቀረው ነገር የማድቤቱ ብቻ ሆነ፤ እናቴ እንደ ሸክም ሳትቈጠር የምትበላበትን፥ ባለቤቴም የምትተኛበትን መንገድ መፈለግ።

መንገዱን ያገኘችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ በወረቀት ላይ ብቻ አሰፈርሁት። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። አምስቱን ምግብ አምስት ሥራ ያደረገው የሚለያዩበት ነገር ሳይሆን፥ ገና ከመጀመሪያው ለየብቻ መጣዳቸው ነው። ምስሩ አንድ ምስር ነው፤ ሽንኩርቱም አንድ ሽንኩርት ነው። የሚለያዩት በጨው፥ በበርበሬና በቅቤ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ኋላ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጨመር በፊት መቀነስ ያስፈልጋል።

አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ እንሠራለን፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሰዓት በኋላና ረቡዕ ማታ። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ይከተፋል። ይህ የእኔና የሴት ልጄ ሥራ ሆኗል፤ የፈሰሰውን እንባ ለንስሐዬ ቍጠሩልኝ። ሽንኩርቱ በትልቅ ድስት ያለ ዘይት እየተማሰለ ውሃውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ዘይት፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት ይቁላላል። ቁሌቱ ሲበስል ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ እርድ ይገባና የአልጫ ቁሌት ይሆናል፤ በሌላው በርበሬ ይገባና ቀይ ቁሌት ይሆናል። ጨው በሁለቱም አይገባም።

በሌላው ምድጃ አንድ ኪሎ ምስር ክክ በባዶ ውሃ ይቀቀላል። በደንብ ሲበስል መጀመሪያ የሚነሣው የሕፃኑ ነው፤ በማንኪያ ተደቁሶ ጥቂት ዘይት ጠብ ይልበታል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨው ባይገባበት መልካም ነው፤ ማር ደግሞ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ ሕመም ያመጣበታልና። ሁለተኛ የእናቴ ድርሻ ተነሥቶ ከአልጫው ቁሌት ጋር ይዋሐዳል። ሦስተኛ የእኔ እንዲሁ ይሆንና ጨው ይገባበታል። የቀረው ሁሉ ከቀዩ ቁሌት ጋር ተቀላቅሎ የባለቤቴና የሴት ልጄ ወጥ ይሆናል። የትንሹ ልጅ ከእኔ አልጫ ተቀንሶ ይሞቅና፥ ቅቤው በሳህኑ ላይ ይጨመርለታል እንጂ ወደ ድስቱ አይገባም፤ እንቍላሉም ለብቻው ይቀቀላል። በዚሁ ዓይነት አንድ ጊዜ ምስር፥ አንድ ጊዜ የአተር ክክ፥ አንድ ጊዜ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ እያፈራረቅን እንሠራለን። ጎመን ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ ነው፤ ቶሎ የሚደርስና ሲያድር የሚጠወልግ ስለ ሆነ በየዕለቱ ጥቂት ይሠራል።

አዮዲን ያለበትን ጨው ለምትገዙ ደግሞ ይህ መንገድ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። አዮዲን በረዥም እሳት ይቀንሳልና ጨው መጨረሻ ላይ መግባቱ ይመረጣል፤ ይልቁንም ለምታጠባ እናት።

ስለ ጨው ካነሣሁ አይቀር፥ ብዙ ቤት ሲሳሳትበት የማየውን ላንሣ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጐልማሳ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ያህል ነው። እኛ በእናቴ ድስት ጨው አንጨምርም ብለን ስንኰራ፥ የደም ግፊቷ ግን አልወርድ አለ። ኋላ ባለቤቴ ነገሩን ደረሰችበት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ምጥን ሽሮውም እንዲሁ ነው። እናቴ «ሽሮ ጥቂት ብቻ» እያለች የምትቀምሰው ሁሉ ጨው ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የቤታችንን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጭተን፥ ከእርጥበት ጠብቀን እናስቀምጣለን። የሚፈልግ በሳህኑ ላይ ይጨምራል።

በገዛ እጅ ማዘጋጀት ሌላም በጎ ነገር አለው። ከገበያ ተፈጭቶ የሚገዛ ሽሮ ምን ምን እህል እንዳለበት በዐይን አይለይም፤ ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ለወራት የዘወትር ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ እንደሚያደርግ በአገራችን በረኀብ ዘመናት በብዙ ሰው ላይ የታየ ነው፤ ጕዳቱም ከደረሰ በኋላ አይመለስም። ጥራጥሬውን አይቶ፥ ለቅሞ፥ ወስዶ ማስፈጨት ይሻላል።

የእናቴ ማዕድ በመጠንም ይለያል። ሐኪሟ እንጀራውን እንድትቀንስ፥ ጥራጥሬውንና ጎመኑን እንድታበዛ፥ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንድትበላ መክሯታል። ምስርና ሽምብራ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያነሡት በዝግታ ነውና የጾም ምግባችን ለእርሷ በጎ ሆኖ ተገኝቷል። ለሴት ልጃችን ደግሞ የምናስበው ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር ነው፤ ለዐካለ መጠን የደረሰች ልጅ ያስፈልጋታልና። በጥራጥሬና በጎመን ያለውን ብረት ሰውነት የሚቀበለው በችግር ነው፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀለዋል፥ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ይከለከላል። ስለዚህ በቤታችን ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ውሳኔ ከሁሉ ይልቅ የተቃወመው እኔን ነው። ስለ ዓሣ ግን በዚህ ዓምድ አልናገርም፤ የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ማስቀመጡ እንለፍ፤ ምግብ ሠርቶ ማሳደር ሕግ አለውና። የበሰለ ምግብ በቤት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቈየት የለበትም። ትልቅ ድስት እንደ ጋለ ቢቀመጥ መካከሉ ሳይበርድ ያድራል፥ ጀርምም የሚራባው በዚያ ነው። ስለዚህ ወጡን እንደ ወጣ በዝቅተኛና በሰፋፊ ዕቃ እናካፍለዋለን፤ ቶሎ ይበርድና ተከድኖ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በሦስት ቀን ውስጥ ያልተበላውን አንበላም። ሲሞቅ የሚበላው ያህል ብቻ ወጥቶ እስኪፈላ ይሞቃል፤ ከሳህን የተረፈም ወደ ዕቃው አይመለስም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ «በረደ ወይስ አልበረደም» እያሉ መዳሰስ ጥፋት ነው፤ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትስ? ለዚህ መልስ ያዘጋጁት እናቶቻችን ናቸው። ሽሮ ማለት ተቈልቶ፥ ተቀምሞ፥ ደርቆ የተቀመጠ ወጥ አይደለምን? ድርቆሹና በሶውም እንዲሁ ናቸው። በቅኔ ቤት ድርቆሽ በውሃ አርሰን የበላን ሁሉ እናውቀዋለን። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ወጡን ለዕለቱ ብቻ ይሥራ፤ ሥራ የሚቀንሰውን ነገር ግን በደረቁ ያዘጋጅ፤ የተለቀመ ክክ፥ ጨው የሌለው ሽሮ፥ የተፈጨ ቅመም። ከድስቱ ቀድሞ የመቀነሱ ዘዴ ግን ማቀዝቀዣ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ያለ እንቅፋት አልተጀመረም። በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጃችን የወንድሟን ቅቤ ያማሰለችበትን ጭልፋ ሳታስብ ወደ ጾሙ ዕቃ ነከረችው። እናቴ አየች። ምንም አልተናገረችም፤ ግን ከዚያ ዕቃ አልበላም አለች። ለሦስት ቀን የተሠራው የጾም ወጥ እንዳለ ለጎረቤት ሕፃናት ሄደ፤ እኛም በዚያ ሌሊት እንደ ቀድሞው በ10 ሰዓት ተነሣን። ከዚያ ወዲህ በፍስኩ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ በየዕቃው ላይም ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «የእማማ፥ ጨው የሌለው፥ እሑድ»፥ «የፍስክ፥ የልጁ»፥ «አልጫ፥ የመምህሩ»። ልጆቹ ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ እንደ ክፍል ስም ጥሪ እየጠሩ ይሥቃሉ።

ባለቤቴ አሁን የምትነሣው በ12 ሰዓት ነው። ከዚህ በፊት ሁላችን በልተን ስንጨርስ ከድስቱ ጥግ የቀረውን ቆማ ትቀምስ ነበር። አሁን ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። ይህን ሳየው ደስ ከሚለኝ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይበልጣል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ወንበሯ ባዶ መሆኑን ያላየሁ መምህር ነኝና።

እናቴም በሰዓቷ ትበላለች። የእርሷ ዕቃ ከሌላው ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ስታየው «ለእኔ ብቻ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። ጣዕሙን ግን ገና አልለመደችውም። ባለቤቴ ሎሚና ቃሪያ፥ ነጭ ሽንኩርትና ጥቍር አዝሙድ እያበዛች ብታባብላትም፥ «ምራቴ፥ እጅሽ ይባረክ፤ ግን ይህ ነገር አልጫ ሳይሆን ውሃ ነው» ትላለች። ባለፈው ሰሞን ሴት ልጃችን የአያቷን ነጠላ ልታጥብ ስታነሣው፥ በጥለቱ ጫፍ አንድ ቋጠሮ አገኘች። ገንዘብ መስሏት ልትፈታው ስትል እናቴ ከመደቡ ብድግ ብላ ነጠቀቻት። ጨው ነበር። ባለቤቴ ሥቃ ዝም አለች፤ እኔም ያላየሁ መሰልሁ። ከዚያ ወዲህ ነጠላውን የምታጥበው እናቴ ራሷ ናት።